ሞዴሌ ሊትስ ላይ 0.95 ያመጣል፣ የጎንደር ስካን ላይ ግን ጣፊያውን ጉበት ይለዋል

አዘዞዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ። የማስተርስ ቴሲስ እየሠራሁ ነው፣ ርዕሱ ጉበትን ከሆድ ሲቲ ስካን ላይ በኮምፒውተር ለይቶ ማውጣት ነው። ሴግመንቴሽን የሚባለው፤ እያንዳንዱን ፒክስል ጉበት ነው ወይስ አይደለም ብሎ መመደብ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዳታው ሊትስ ነው። ለማታውቁት፣ በ2017 ለውድድር የተለቀቀ የጉበትና የጉበት ዕጢ ስብስብ ነው። 201 ሲቲ ስካን አለው። 131ዱ መልሳቸው አብሮ ስለሚመጣ ለማሰልጠኛ ይሆናሉ፣ 70ዎቹ ለፈተና የተያዙ ናቸው። ሞዴሉ ተራ ባለሁለት ልኬት ዩ-ኔት (ለሴግመንቴሽን የተለመደ የኒውራል ኔትወርክ ዓይነት) ነው፣ ስካኑን ስላይስ በስላይስ፣ ማለትም አንድ አንድ ቁራጭ ምስል እየወሰደ የሚያይ። ያሰለጠንኩት ካግል በሚባለው፣ ጂፒዩ በነጻ በሚያውሰው ድረ ገጽ ላይ ነው፣ የራሴ ጂፒዩ የለኝም። እዚያም በሳምንት የሚሰጡት ሰዓት ውሱን ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል፣ ስለዚህ ከባድ ሞዴል ለመሞከር ብዙም አልደፈርኩም።

ከ131ዱ ለይቼ ባስቀመጥኳቸው ላይ ስፈትነው ዳይሱ፣ ማለትም ሞዴሉ የሣለውና ትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደሚደራረቡ የሚለካው ከ0 እስከ 1 ያለ ነጥብ፣ 0.95 ይሆናል። አድቫይዘሬም ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ ግን በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ስምና ካርድ ቁጥር የወጣላቸው ጥቂት የሆድ ስካኖች ከዚሁ ከከተማችን አገኘሁ። ሞዴሉን እነሱ ላይ ሳስኬደው ነገሩ ተበላሸ። አንዳንዱ ላይ ጥሩ ነው፣ ዓይኔን አላመንኩም። አንዳንዱ ላይ ግን ጣፊያውን ግማሽ በግማሽ ጉበት ብሎ ቀለም ይቀባዋል። አንዱ ስካን ላይ ጉበቱ ውስጥ ትልቅ ክብ ጠቆር ያለ ነገር አለ፣ ሞዴሉ እሱን ዘሎ ዙሪያውን ብቻ ይይዛል። ሁለት ስካኖች ላይ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ማስክ (ጉበቱ ያለበትን የሚያሳየው ቅብ) ነው የሚያወጣው። አንድ ፒክስል እንኳ የለም።

ጥያቄዬ፦ ይሄ የኮድ ችግር ነው የዳታ ነው ወይስ የሞዴሉ? ከየት ልጀምር? እነዚህን ስካኖች ትቼ የሊትሱን ውጤት ብቻ ጽፌ እንድጨርስ የመከሩኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ይሄን ርዕስ የመረጥኩት እዚሁ ካለ ሰው ላይ ይሠራል ብዬ ነው።

ኮድ_ከፒያሳ

እህቴ፣ እነዚያን ስካኖች እንዳትተያቸው። የቴሲስሽ ዋናው ቁም ነገር እነሱ ናቸው። ሊትስ ላይ 0.95 ያመጣ ሰው ብዙ ነው። የጎንደር ስካን ላይ ሞዴሉ የት የት እንደሚወድቅ ያሳየ ግን ስንት አለ?

አሁን ወደ ሥራው። ሁለቱ ባዶ ማስኮች የፋይል ጉዳይ ይመስሉኛል። ሊትስ የሚመጣው ኒፍቲ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፣ ቁጥሮቹ ወደ ሃውንስፊልድ ተቀይረው። የሆስፒታሉ ደግሞ የሲቲ ማሽኖች የሚያወጡት ዳይኮም ነው። ሃውንስፊልድ ማለት ውኃ 0፣ አየር -1000 አካባቢ፣ ጉበት ያለ ኮንትራስት (አካላትን አጉልቶ ለማሳየት በደም ሥር የሚወጋ መድኃኒት) ከ50 እስከ 65 ገደማ የሚሆንበት መለኪያ ነው። ዳይኮም ውስጥ የተቀመጠው ጥሬ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ገና ሃውንስፊልድ አልሆነም። ሪስኬል ስሎፕ በሚባለው ታባዢዋለሽ፣ ሪስኬል ኢንተርሴፕት የሚባለውን ትደምሪበታለሽ። ኢንተርሴፕቱ ብዙ ማሽን ላይ -1024 ነው። ይሄ እርምጃ ከተዘለለ 60 የነበረው ጉበት 1084 ሆኖ ይገባል። እንደ አብዛኛው ሰው ከ-200 እስከ 250 ባለው መስኮት ከቆረጥሽው ደግሞ ሰውነቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። ሞዴሉ ምን ይለይ? ባዶ ይመልስልሻል። ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ምስሉ ውስጥ ያለውን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር አሳትሚና እዪ። ትንሹ 0 ከሆነ አልተቀየረም ማለት ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫ። ይሄ ብዙ ሰው አያየውም። ሲቲ በተለመደው አቀማመጥ ሲታይ የታካሚው ቀኝ ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ነው፣ ስለዚህ ጉበቱ በስክሪኑ ግራ ይታያል። ፋይል ስትቀይሪ ግራና ቀኙ ከተገለበጠ ሞዴሉ ጉበቱን የሚፈልገው በለመደው ጎን ነው። እዚያ ጎን የሚያገኘው ደግሞ ጣፊያውን ነው። ጣፊያው ላይ ቀለም የሚቀባብሽ ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። አይቲኬ-ስናፕ በሚባለው የስካን ማያ ፕሮግራም ላይ ክፈቺና የጀርባ አጥንቱንና የማሽኑን አልጋ ፈልጊ፣ ታች መሆን አለባቸው። ጨጓራ ውስጥ ያለው አየር በጀርባው የተኛ ሰው ላይ ወደ ሆዱ ፊት ነው የሚንሳፈፈው። ልብ በይ፣ ሊትስ ራሱ ውስጥም አቅጣጫቸው የሚለያይ ፋይሎች አሉ። ከማሰልጠንሽ በፊት ሁሉንም በአፊን ማትሪክሳቸው (ፋይሉ ውስጥ የምስሉን አቅጣጫ የሚናገረው የቁጥር ሠንጠረዥ) አይተሽ አንድ ዓይነት አድርጊያቸው።

ክቡ ጥቁር ነገር ላይ ደግሞ አንድ ልጠይቅሽ። ሊትስ ላይ 1 ጉበት ነው፣ 2 ዕጢ ነው። 1ን ብቻ ነው ጉበት ያልሽው ወይስ ሁለቱን አንድ ላይ? 1ን ብቻ ከሆነ ሞዴሉ ጉበት ውስጥ ያለን ጠቆር ያለ ነገር ቆርጦ ማውጣትን ነው የተማረው። ሌላው፣ ማሰልጠኛና መፈተኛውን የከፈልሽው በታካሚ ነው በስላይስ? በስላይስ ከሆነ የአንድ ሰው ጎረቤት ስላይሶች ሁለቱም ጋ ስለሚገቡ ያ 0.95 ብዙም አይታመንም።

አዘዞዋ

ኮድ_ከፒያሳ እግዜር ይስጥልኝ። የከፈልኩት በታካሚ ነው፣ 1 እና 2ንም አንድ ላይ ነው ያደረግኳቸው።

ባዶዎቹ ሁለቱ እንዳልከው ናቸው። ትንሹ ቁጥር 0 ነው፤ ከሌሎቹ በተለየ ሶፍትዌር የተቀየሩ ፋይሎች ነበሩ። ኢንተርሴፕቱን ስደምርበት ጉበቱ ወዲያው መጣ፣ ያውም ጥሩ ሆኖ። አንዱ ስካን ደግሞ እውነትም ግራና ቀኙ ተገልብጧል፣ ሲስተካከል ተስተካከለ።

የቀሩት ግን አቅጣጫቸው ትክክል ነው፣ ቁጥራቸውም ትክክል ነው፣ ሞዴሉ አሁንም ጣፊያ ውስጥ ይገባል። ያ ክብ ነገር ያለበትም እንደነበረ ነው። ስላይሶቹን ወደ ላይና ወደ ታች እየነዳሁ ሳይ አንዳንዱ ላይ ጉበቱ የት አልቆ ጣፊያው የት እንደሚጀምር እኔም መለየት አቅቶኛል። ራዲዮሎጂ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሬዚደንት_ጎንደር

እኔ ራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር። ጥያቄሽን ሳነብ የምትዪው ስካን ዓይነት ዓይኔ ላይ መጣ፣ በየጊዜው የማየው ነውና።

በመጀመሪያ ስካኖቹ ኮንትራስት አላቸው? ሊትስ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ኮንትራስት የተሰጣቸው ናቸው። ለጉበት አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው ፖርታል ቬነስ ፌዝ የሚባለውን ነው፣ መድኃኒቱ ከተወጋ ከ70 ሰከንድ አካባቢ በኋላ የሚነሳውን። ያኔ ጉበት 100 ሃውንስፊልድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ የደም ሥሮቹም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እኛ ጋ ግን ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከፍ ያለ ታካሚ አለ፣ ያለ ኮንትራስት የሚነሳ አለ፣ ኮንትራስት ተሰጥቶትም በአርተሪያል ፌዝ፣ ማለትም መድኃኒቱ ገና ከልብ በሚወጡት ደም ሥሮች ሳለ የተነሳው ብቻ፣ የተላከ ሲሪስ (የምስል ስብስብ) አለ። ያለ ኮንትራስት ጤናማ ጉበት ከጣፊያ ትንሽ ነጣ ይላል፣ በ10 ሃውንስፊልድ ገደማ ነው የሚበልጠው። ጉበቱ ስብ ካለበት ያ ልዩነት ይጠፋል ወይም ይገለበጣል። በአርተሪያል ፌዝ ደግሞ ጣፊያው ራሱ ዝንጉርጉር ነው። በብርሃን ብቻ ጉበትን የለመደ ሞዴል እዚህ ላይ ቢሳሳት አይገርመኝም።

ዋናው ግን ጣፊያው ነው። ጤናማ ጣፊያ ርዝመቱ ከ12 ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። በኛ አካባቢ ግን ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ካላዛር ይዞት የተመለሰ ሰው አለ። ከሳንጃ ወይም ከጎርጎራ በኩል ቢልሃርዚያ ለዓመታት የቆየበት አለ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወደ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) የወሰደው አለ። የእነዚህ ሰዎች ጣፊያ አድጎ የሆዱን መሀል አልፎ ሊመጣ ይችላል። የአንጀት ቢልሃርዚያ ደግሞ ጉበቱንም ቅርጹን ይቀይረዋል፣ የቀኙ ክፍል ያንሳል፣ የግራው ያድጋል፣ በፖርታል ቬን (ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው ትልቁ ደም ሥር) ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። እንግዲህ አስቢው፤ ያደገ የግራ ጉበትና ያደገ ጣፊያ ከግራ ጎድን ሥር ይገናኛሉ። በመሀላቸው የሚለያቸው የስብ መስመር ሳስቶ ሳስቶ አንዳንዴ ጨርሶ አይታይም። ያሰለጠንሽበት ዳታ ከአውሮፓ፣ ከካናዳና ከእስራኤል ሆስፒታሎች የተሰበሰበ ነው። የጎርጎራን ገበሬ ሆድ ከየት ይወቀው?

እኛ እንዴት እንደምንለየው ልንገርሽ። አንድ ስላይስ ላይ ቆመን አንወስንም። የተጠራጠርኩበትን ቦታ ይዤ ስላይሱን ቀስ እያልኩ ወደ ታችና ወደ ላይ እነዳዋለሁ። የጉበት ግራ ክፍል ከሆነ ውስጡ ያለው የደም ሥር እየተከተልሽው ስትሄጂ ከግራው ፖርታል ቬን ጋር ይገናኛል። ጣፊያ ከሆነ ደም ሥሩ ወደ ጣፊያው እምብርት ይወስድሽና በቆሽት ጀርባ ከሚያልፈው የጣፊያ ቬን ጋር ይቀላቀላል። የአንቺ ሞዴል አንድ አንድ ስላይስ ብቻ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ይሄን የመከተል ዕድል የለውም። ቢያንስ ከላይና ከታች ያሉትን ጥቂት ስላይሶች አብረሽ ብትሰጪው ይሻላል ባይ ነኝ፣ የኮድ ሰዎቹ ያርሙኝ።

ክቡን ነገር ሳላየው አልናገርም። የውኃ ዓይነት ቁጥር ካለው፣ ከ0 እስከ 20 አካባቢ፣ ጥርት ያለ ግድግዳ ካለው፣ ውስጡ ትናንሽ ክቦች ከታዩሽ ወይም ግድግዳው ላይ እንደ አጥንት የነጣ ካልሲየም ካለ፣ ሃይዳቲድ ሲስት ሊሆን ይችላል፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈው ትል የሚሠራው። አሜባ የሚያመጣው መግልም አለ፣ እሱ በብዛት በቀኙ ክፍል ነው። በሊትስ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ግን በዋናነት ዕጢዎች ናቸው። አንቺም ከመጀመሪያው ወስኚ፦ ሲስቱን ጉበት ውስጥ ትቆጥሪዋለሽ ወይስ አትቆጥሪውም? ለጠቅላላ መጠን ይገባል፣ ለሚሠራው ጉበት መጠን ይወጣል። የኔ ምክር ለብቻው ሌላ ሌብል (መለያ ቁጥር) ስጪው፣ በኋላ ሁለቱንም ማስላት ትችያለሽ።

ጣና_ዳር

ሬዚደንት ያሉት በሙሉ ልክ ነው። እኔ ግን ለምን ከዜሮ ትደክሚያለሽ ነው የምልሽ። ከባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣው ቶታል ሴግመንታተር የሚባል ዝግጁ ፕሮግራም አለልሽ። በ2023 በታተመው ጽሑፋቸው 1204 ሲቲ ስካን ላይ 104 የአካል ክፍሎችን ለይተዋል፣ ጉበትም ጣፊያም ጨጓራም ለየብቻ። ፈጣኑ ሞድ ምስሉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚያወርደው ጂፒዩ በሌለው ላፕቶፕም ይሠራል፣ ትንሽ መታገስ ነው እንጂ። ውስጡ ያለው ኤንኤን-ዩኔት የሚባለው፣ ራሱን ከዳታው ጋር የሚያስማማ ዩ-ኔት ነው፣ ሃይደልበርግ ያለው የጀርመን ካንሰር ምርምር ማዕከል የሠራው።

ለጣፊያው ችግር የምጨምርልሽ አለ። ሞዴልሽ የሚያውቀው ጉበትና ጉበት ያልሆነ የሚባል ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጣፊያን በስሙ ካስተማርሽው፣ ማለትም ለጣፊያ፣ ለጨጓራና ለኩላሊት የየራሳቸው ሌብል ከሰጠሽው፣ ወሰኑ ላይ የሚወዳደር ሌላ መልስ ስላለው መደናገሩ ይቀንሳል። ሌብሎቹን በእጅ መሥራት አይጠበቅብሽም፣ ሊትስ ላይ ቶታል ሴግመንታተርን አስኪደሽ ታገኚያቸዋለሽ፣ ከዚያ በዓይንሽ ታጣሪያለሽ።

ኮድ_ከፒያሳ

ጣና_ዳር እስማማለሁ፣ የጣፊያው ሐሳብ በተለይ አሪፍ ነው። ቶታል ሴግመንታተርን ግን መነሻ አድርጊው እንጂ መልስ አታድርጊው። ጎንደር ስካን ላይ አስኪጂው፣ ያወጣውን ማስክ ለዶክተሩ አሳዪና ይታረም፣ ከባዶ ከመሣል ብዙ ሰዓት ያተርፋል። አንድ አደጋ አለው። ሰው የተዘጋጀ መስመር ፊቱ ሲቀመጥለት፣ ትንሽ ቢሳሳትም ይሁን ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥቂት ስካኖች ማሽኑ ምን እንዳለ ሳይታይ በንጹሕ ዓይን ይሣሉ፣ መፈተኛ የሚሆኑት በተለይ። ቢቻል ደግሞ ጥቂቶቹን ሁለት ሰው ለየብቻው ይሣላቸውና የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለኪው። ሁለት ሐኪሞች እርስ በርስ 0.96 ከሆኑ ሞዴሉ 0.96 አላመጣም ብለሽ አትጨነቂም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። በሌላ ዳታ ላይም ሞከርኩ ለማለት ብዙዎች ከስትራስቡርግ የመጣውን ስሪዲ-ኢርካድ ይጠቀማሉ፣ 20 ታካሚ ያለውን። እነዚያ 20 ስካኖች ሊትስ ማሰልጠኛ ውስጥ ከ28 እስከ 47 ባለው ቁጥር አሉ! ሊትስ ላይ አሰልጥኖ ኢርካድ ላይ መፈተን ማለት ተማሪውን ባጠናው ጥያቄ መፈተን ነው። የታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ይሄን አይቼ አዝኛለሁ። ቻዎስ የሚባለው የ2019 ስብስብ ይሻልሻል፣ የሲቲዎቹ ባለቤቶች ጉበት ለመለገስ የተመረመሩ ጤነኛ ሰዎች ናቸው። ጤነኛ ስለሆኑ ግን ከኛ ታካሚ ይበልጥ ይርቃሉ፣ እሱን አትርሺ።

አዲስ አርክቴክቸር ፍለጋ ደግሞ ጊዜሽን አታባክኚ። ዩ-ኔት ከ2015 ጀምሮ አለ። ኤንኤን-ዩኔት በ2021 ኔቸር ሜተድስ ላይ ሲወጣ ያሳየው ትልቁ ነገር ዩ-ኔቱን ብዙም ሳይነኩ የፒክስል ርቀቱን፣ የብርሃን ልኩን፣ የቁራጩን መጠን ከዳታው ጋር በሥርዓት ማስማማት ብቻውን ብዙ ውድድር እንደሚያሸንፍ ነው። በነባሪ 1000 ኢፖክ (የሥልጠና ዙር) ይሄዳል፣ ያ በነጻ ጂፒዩ አያልቅም። 100 ወይም 250 ኢፖክ የሚሄዱ አሰልጣኞች አብረውት ይመጣሉ፣ በእነሱ ጀምሪ።

ሬዚደንት_ጎንደር

ስለ ዳይስ እኔም የምለው አለኝ። ተማሪዎች 0.97 አመጣን ብለው ሲመጡ ደስ ይለኛል፣ ግን ቀጥሎ የምጠይቀው የቀረው 0.03 የት ነው ያለው የሚለውን ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ጉበቱ 1500 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። ጠርዙ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲስት አለ፣ ይህ 65 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሞዴሉ ሲስቱን ሙሉ በሙሉ ዘለለው፣ ሌላውን ግን አንድም ሳይሳሳት ያዘ። ዳይስ የተደራረበውን ሁለት እጥፍ ለሁለቱ ድምር ማካፈል አይደል? 2870 ለ2935 ነው፣ 0.978 ይመጣል። በሽታው ያለበትን ቦታ እንዳለ የጣለ ማስክ 0.978 አገኘ ማለት ነው። ሠንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ ያምራል፣ ለታካሚው ግን ምንም አልሠራለትም።

ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ እዪው። የጉበት ክፍል ሊወጣ ሲል የሚቀረው ጉበት ይበቃል ወይ ብሎ የሚለካው በሴግመንቴሽን ነው። ጤናማ ጉበት ላላቸው ከ20 እስከ 25 በመቶ መቅረት አለበት ይባላል፣ ኬሞ ለወሰዱ 30፣ ሲሮሲስ ላለባቸው 40። ኬሞ የወሰደ ሰው ላይ የሚቀረው የግራ ክፍል 400፣ ጠቅላላው 1500 ቢሆን 27 በመቶ ገደማ ነው፣ አይበቃም። ሞዴሉ 80 ሚሊ ሊትር ጣፊያ ወደ ግራው ክፍል ቢጨምርበት 480 ለ1580 ይሆናል፣ 30 አለፈ። ይበቃል ተባለ! ዳይሱን ብታዪው ግን 0.97 ነው። ለዚህ ነው የጣፊያውን ነገር በዋዛ እንዳታልፊው የምለምንሽ።

ስለዚህ ከዳይሱ ጎን የጠርዝ ርቀትን አስቀምጪ፣ ሃውስዶርፍ የሚባለውን። የመጠን ልዩነቱንም በሚሊ ሊትር ጻፊ፣ ሐኪም የሚገባው እሱ ነው። የወደቁትን ስካኖች ደግሞ አንድ በአንድ በምስል አሳዪ፣ በአማካይ ውስጥ አትቅበሪያቸው።

የራጅ_ባለሙያ

ልጄ፣ በርቺ። እኔ ሲቲ ማሽን ላይ የምሠራ ነኝ፣ ኮዱን አላውቀውም፣ ምስሉ እንዴት እንደሚወለድ ግን አውቃለሁ።

የሰጡሽ ስካን ስላይሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ለንባብ የሚላከው ብዙ ጊዜ 5 ነው። በ5 ሚሊ ሜትር ጉበቱና ጣፊያው የሚነካኩበት ቦታ አንድ ፒክስል ውስጥ ተቀላቅሎ ይደበዝዛል፣ የጉበቱ ጫፍ ከድያፍራሙ ሥርም እንዲሁ። ከዚያው ምርመራ 1 ወይም 1.25 ሚሊ ሜትር አድርጎ እንደገና ማውጣት ይቻላል፣ ግን ጥሬው ዳታ ማሽኑ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ቦታ ሲሞላ ይጠፋል። ወደፊት ለምትሰበስቢው አስቀድመሽ ለባለሙያው ንገሪው፣ ሰው ካከበርሽው ይተባበርሻል።

ሌላው ሕመምተኛው ነው። ትንፋሽ ያዙ ስንል የሚይዝ አለ፣ ሕመሙ አላስይዝ የሚለው አለ፣ የኛ ማይክ ድምፅ ሳይገባቸው የሚቀሩ እናቶችም አሉ። የተነፈሰ ሰው ጉበት ጠርዙ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። እጁን ወደ ላይ ማንሳት ያልቻለ ሰው ደግሞ ክንዱ ከጎኑ ስለሚውል ጉበቱ ላይ ጭረት ጭረት ይጥላል። በአፍ የተሰጠ ኮንትራስት ጨጓራ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከግራው ጉበት ጎን ይቀመጣል። እነዚህን በማስታወሻ ያዢ፣ የትኛው ስካን ምን እንዳለበት፣ ሞዴልሽ የት እንደወደቀ ስትጽፊ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ።

ስለ ስምም አደራ። ስም ተነሥቷል ቢሉሽም ራስሽ ፈትሺ። አንዳንዴ ስሙ ከፋይሉ መረጃ ይወጣና ምስሉ ላይ ራሱ ተጽፎ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ስካውት ምስል ወይም በመጨረሻው የጨረር መጠን ገጽ ላይ። ፎልደሩ በካርድ ቁጥር የተሰየመም ሊኖር ይችላል። የምርመራ ቀንና የትውልድ ቀንም ሰውን ያሳውቃሉ። የሚያስፈልግሽን ሲሪስ ብቻ አስቀሪ፣ ሌላውን አጥፊ።

አዘዞዋ

ምን ልበል፣ ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ጋሼ ስላይሱ 5 ነው፣ እንዳሉት። ከአንዱ በቀር ሁሉም። ፎልደሮቹንም አሁኑኑ እያየኋቸው ነው፣ የጨረር ገጾቹን አውጥቻለሁ።

የማስበው እንዲህ ነው። ሊትስ ላይ የጣፊያ፣ የጨጓራና የኩላሊት ሌብል ጨምሬ ኤንኤን-ዩኔትን በአጭሩ አሠለጥናለሁ። የጎንደሩን ስካን ለማሰልጠን አልነካውም፣ በሙሉ መፈተኛ ይሁን። ውጤቱን ኮንትራስት ያለውና የሌለው፣ ጣፊያው ያደገና ያላደገ፣ ሲስት ያለውና የሌለው ብዬ ለይቼ አቀርባለሁ። ስካኖቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን መቶኛ ባወጣ ሰው ያምነኛል? ለቴሲስ ይበቃሉ?

ኮድ_ከፒያሳ

መቶኛ አታውጪ። ስካኑን በስካን ሠንጠረዥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው፣ ከጎኑ ዳይሱ፣ የሚሊ ሊትር ልዩነቱ፣ ምን እንዳለበት። ጥቂት መሆናቸውን በግልጽ ጻፊ። አንባቢው የሚፈልገው ሞዴሉ የሚወድቀው በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው፣ ለዚያ ይበቃሉ። የተወሰኑትን ለማሰልጠን ብትጨምሪ ምን ያህል እንደሚሻሻል ማየት ከፈለግሽ ግን አሁን ቁልፍ የምታደርጊባቸውን ለይተሽ አስቀምጪና ሌሎቹን ተጠቀሚ። ቁልፍ ያደረግሽባቸውን ደግሞ እስከ መጨረሻው አትክፈቺያቸው፣ በየቀኑ እያየሻቸው ሞዴሉን ካስተካከልሽ ፈተና መሆናቸው ያበቃል።

ሬዚደንት_ጎንደር

መስመሩን ለማረም እኔ አለሁ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ወረቀት ላይ ስካኖቹን የሚያይ ሰው ስም መግባት ካለበት መጀመሪያ አድቫይዘርሽን ጠይቂ፣ ያ ሳያልቅ አልነካም። ከዚያ ከሰዓት ሪፖርት ሲቀልልኝ እንቀመጣለን። ላፕቶፕሽ ላይ አይቲኬ-ስናፕ ወይም ስሪዲ ስላይሰር ጭነሽ ነይ። ጣፊያቸው ያደገውን አስቀድሚ፣ እነሱ ናቸው ጊዜ የሚወስዱት፣ ሲስት ያለበትን ከሲኒየር ጋር ሆነን ብናየው ይሻላል። ምን ጉበት ተባለ ምን አልተባለም የሚለውንም እየሠራን በአንድ ገጽ እንጽፈዋለን፤ ሐሞት ከረጢቱ ይወጣል፣ ታችኛው ቬና ካቫ ይወጣል፣ ጉበቱ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይገባሉ፣ የፖርታል ቬኑ መግቢያ የት ላይ እንደሚቆረጥ ምስል አያይዘን እንወስናለን።

ፋይሎቹን በሃርድ ዲስክ አምጪያቸው፣ በፓስወርድ ቆልፈሽ። በቴሌግራም እንዳትልኪልኝ።